ጆንያው በሾፌሩ ወንበር

ይድረስ ከእናቴ ልጆች ሁሉ ለምትሻለው እህቴ፣ ዊቺታ ከተማ። ሁለት ብቻ መሆናችንን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሙገሳ ሙገሳ ነው፣ ሳትመልሺ ተቀበይ።

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ በርሽን ያንኳኳ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ባልሽ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ አንቺ መስማቱን ተውሽ? የልጅሽ ልጅ ጥርስ አበቀለች? የካንሳስ ንፋስ ጣሪያችሁን ትቶላችኋል? እኔ ደህና ነኝ። መምህሬ ሚስ ኢውላ «ደብዳቤ ሲጀመር የሌላውን ጤንነት ትጠይቃለህ፣ ቀጥለህ አንተ ደህና መሆንህን ትገልጻለህ፣ ደንቡ ይኸው ነው» ስላሉ ጽፌዋለሁ። መቼም ደንብ አክባሪ መሆኔን ታውቂያለሽ።

እንግዲህ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ይህ የኔ የራሴ እጅ ነው። የዶይል ሚስት ጽፋልኝ አይደለም፣ የፓስተሩ ጸሐፊም አይደለችም። ከገና ወዲህ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ማታ ማታ እማራለሁ። ከዶሮ ፋብሪካው የሚመጡ ሁለት የጓቴማላ እህትማማቾች አሉ፤ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ምልክቱን በቀለሙና በቅርጹ ብቻ እየለየ የነዳ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፤ ባሏ ከሞተ በኋላ የመድኃኒቷን ጠርሙስ ማንበብ የፈለገች አንዲት ባልቴት አለች። ከነዚህ ሁሉ አንደኛው እኔ ነኝ። የራሴ ጉራ እንዳይመስልሽ፣ ሚስ ኢውላ ራሳቸው በሁሉ ፊት «ሃስኬል፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ድምፁ ካንተ የሚበልጥ ሰው የለም» ብለውኛል።

የመኪና ውድድሩን ሕግ ጮክ ብለሽ ስታነቢልኝ፣ የመኪና መመርመሪያውን ካርድ ስትሞዪልኝ፣ ሰው ጠጋ ሲል «መነጽሩን ረስቶ ነው» ስትይልኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። አሁን ግን አለኝ።

ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ ያለውን ሃስኬል ታውቂዋለሽ፤ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ከዚያ ድስቱ አረረብኝ ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እንዳላስጽፍ ደግሞ ካንቺ በፊት የጻፈልኝ ሰው ሊሰማው ነው። በዚህ መንደር ጸሐፊ የሰማውን ውሻውም ይሰማዋል። ስለዚህ ፊደል እስክቆጥር ጠበቅሁ። ይኸው ቆጠርኩ።

ጉዳዩ የኖቫው ነው። አባባ በሁለት በቅሎ የለወጠው፣ አንቺና እኔ ከሥሩ ተኝተን ያደግንበት፣ ኮፈኑ ውስጥ ስንት ትውልድ ድመት የተወለደበት የ1969 ኖቫ መኪናችን።

በበረዶው ወራት ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። የትምባሆ ጎተራው ወለል ላይ ተዘርግቶ ሲታይ አንድ መኪና ሳይሆን የተዘረፈ ባቡር ይመስል ነበር። ሞተሩን ዶይል ፕሩት ወስዶ ሲሊንደሮቹን ሞረደልኝ። ዶይልን ታስታውሺዋለሽ፤ ትምባሆ መጋዘኑ ውስጥ መዛኝ የነበረው፣ ቃል እንደ ቤንዚን የሚቆጥበው። እኔ ካርብሬተሩን አጠብኩ፣ ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፣ ከኋላ አዲስ ባሌስትራና ሰፋፊ ጎማ አስገባሁ። የተሳፋሪውን ወንበር ነቅዬ ጣልኩ፤ የኋላውንም ጣልኩ። ባትሪውን ከሞተሩ ጎን አንስቼ ከኋላ፣ ከቀኙ ጎማ በላይ አሰርኩት። አባባ እንደሚለው መኪና እንደ በቅሎ ነው፣ ኃይሉ ያለው በኋላ እግሩ ነው፤ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ወይ ይወጣል ወይ ወደ ኋላ ይሄዳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚህ እስከ ግሪን ወንዝ ማዶ ድረስ እንዲህ አድርጎ ኖቫ የሚያሰናዳ ሁለተኛ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ ይጻፍልኝ፣ አሁን አነባለሁ።

የመጨረሻው ሥራ ሚዛኑ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ፣ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሬቱን እኩል ካልረገጡ መኪናው ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ስለዚህ መጋዘኑ ሲዘጋ ዶይል ያወጣቸውን አራት የትምባሆ ሚዛኖች እናመጣና እያንዳንዱን ጎማ በየሚዛኑ ላይ እናቆማለን። ሾፌሩም ወንበሩ ላይ መኖር አለበት፣ ሰውም ክብደት ነውና። እኔ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከሥር ብሎን ማጥበቅ አልችልም። ስለዚህ ተደምረው በኔ ልክ የሚመዝኑ፣ አሸዋ የተሞሉ አራት የመኖ ጆንያዎች አሉን። ስማቸው ሃስኬል ነው። ዶይል አጠገቡ ቆሜ እያየኝ «ሃስኬልን አምጣው» ይለኛል። ተሸክሜ አመጣና ወንበሩ ላይ እደረድረዋለሁ። «ይኸኛው ይሻላል፣ አያወራም» ይላል። በዚህ ዓመት ከተናገረው ግማሹ ይኼ ነው።

ሚያዝያ ላይ መኪናው በሚዛኑ ላይ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወደ ውድድሩ ሜዳ ወጣን።

ሕጉን ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። ሁለት ሁለት መኪና ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ ይሮጣል፤ ከመነሳትሽ በፊት መኪናሽ የሚፈጅበትን ጊዜ በነጭ የጫማ ቀለም መስኮቱ ላይ ትጽፊያለሽ። ቀርፋፋው ቀድሞ ይለቀቃል፣ ፈጣኑ ከኋላ ያባርረዋል። ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ነገር ግን ከጻፍሽው ጊዜ ፈጥነሽ ከገባሽ፣ በዓይን ጥቅሻ እንኳ ቢሆን፣ ወደቅሽ። ጨዋታው መፍጠን ሳይሆን ራስን ማወቅ ነው። የኖቫው ቁጥር ከአባባ ጀምሮ ሰባት ሰከንድ ከሃያ መቶኛ ነው። ለኛ ቤት ቁጥር አይደለም፣ እንደ አባት ስም ነው።

ሚያዝያንና ግንቦትን እንደ ድርቆሽ አጨድኳቸው። ቡርል ስታምፐር፣ ያ ነጭ ዶጅ መኪና ያለው የቄራው ልጅ፣ በየሳምንቱ ከኋላዬ አቧራ ይቅም ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን መኪናው ከቃሌ መውጣት ጀመረ። ሰባት ከሃያ ብዬ እጽፋለሁ፤ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ እጄን በመስኮት አውጥቼ ሕዝቡን ስሰናበት ድምፅ ማጉያው «ሃስኬል ከቁጥሩ አለፈ፣ አሸናፊው ቡርል» ይላል። ቁጥሬን እንደ ምንም ብዬ፣ የአባባን ነፍስ ይቅርታ ጠይቄ፣ ትንሽ አሳንሼ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ያንንም አለፈው። ከዚያ ደግሞ ሲነሳ ወደ ቀኝ መጎተት አመጣ።

ቡርል ይህን ሲያይ ምን አለኝ መሰለሽ፣ በሰው መሃል፣ አፉ ውስጥ ቋሊማ ይዞ፦ «ፊደል ቆጠርክ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ፊደሉ ሲገባ ቁጥሩ ወጥቷል። ጭንቅላትህም እንደ ጋቢናህ ነው፣ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።» ሰዉ ሳቀ። እኔም በልቤ ስቄ፣ «ያንተ ዶጅ ከቁጥሩ የማያልፈው ጨዋ ሆኖ ሳይሆን አቅም አጥቶ ነው» አልኩት። ደህና መለስኩ፣ አይደል? ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እውነትም ፊደሉ ይሆን እንዴ ብዬ አስቤያለሁ።

ያላማረርኩት ነገር የለም። አየሩ ቀዝቅዞ ነው አልኩ፤ ሐምሌ ነበር፣ ሰው ጥላ ሥር እየቀለጠ። ቤንዚኑ ተቀይሮ ነው አልኩ። ሰዓቱ ተበላሽቷል ብዬ ከዳኞቹ ጋር ተጣላሁ፤ እነሱ ደግሞ ሆን ብሎ ፍጥነት ደብቆ ነው የሚመጣው ብለው ኖቫውን አስከፍተው በረበሩት። ምንም አላገኙም። በመጨረሻ ዶይልን ራሱን «ሳላይህ ሞተሩን ነካካኸው እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። አየኝ። ዶይል እንደዚያ ሲያይሽ፣ ትምባሆሽ ውስጡ እርጥብ መሆኑን አውቆብሻል ማለት ነው።

በማግስቱ አራቱን ሚዛኖች በፒካፑ ጭኖ መጣ። ኖቫውን አወጣንባቸው። አራቱን ጆንያዎች ወንበሩ ላይ ደረደርን፤ ሚዛኖቹ ያኔ ሚያዝያ ላይ ያሉትን አሁንም አሉ። «አየህ» አልኩት፣ «መኪናው ምንም አልሆነም።» ዶይል ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወረደና «እስኪ አሁን አንተ ግባ» አለኝ። ገባሁ። በመኪናው ዙሪያ ዞረ። የአንዱን ሚዛን ዘንግ ጎንበስ ብሎ አየና ትንሿን ብረት በጣቱ ገፋ አደረጋት። ደግሞ ገፋት። ደግሞ።

«ሚዛንህ አርጅቷል» አልኩት።

«ሚዛኑ አላረጀም» አለ።

ከዚያ አንዱን ጆንያ አንስቶ በመስኮት አስገብቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እንደ ሕፃን አቅፌው ተቀመጥኩ። ተመልሶ ዘንጉን አየ። «አሁን ልክ ነው» አለ።

እህቴ፣ ዶይል የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፤ ለጎማ መፈንዳትም ለዝናብ መዘግየትም ጥቅስ አለው። ያን ቀን ጥቅስ አልመጣለትም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ አደረገው። እኔም ዝምታ ስለማልወድ «የሚስትህን ኬክ ስላቆምኩ ነው» አልኩት። እውነትም ቀበቶዬ ላይ በራሴ ወስፌ አዳዲስ ቀዳዳ ስበሳ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሸንቃጣ ሆንኩ ብዬ ስኮራ ነበር የከረምኩት። ሰኔ ላይ በስልክ ሱሪዬ እየወለቀ አስቸገረኝ ስልሽ አልሳቅሽም? ያ ነው።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ሌክሲንግተን። ዶይል ነው የነዳው፤ ስንሄድም ስንመለስም ሬዲዮ አልከፈተም። ሐኪሙም ሚዛን አለው። ከዶይል ሚዛን ጋር ተስማሙ። ስለ ሐኪሙ የምጽፈው ይህን ያህል ነው።

ይልቅ ስለ ኖቫው ልንገርሽ። ያንን አንድ ጆንያ ከወንበሩ ሥር በብረት ጠፍር አሰርነው። መኪናው ወደ ቃሉ ተመለሰ። ሰባት ከሃያ እጽፋለሁ፣ ሰባት ከሃያ ይገባል፣ ሲነሳም እንደ ክር ቀጥ ይላል። ነሐሴ ላይ ጆንያው አንድ ተኩል ሆነ። ሞተሩ ልዩነቱን አያውቅም፤ ለሱ ሥጋ ሆነ አሸዋ፣ ሃስኬል ሃስኬል ነው። ቡርልን ሁለቴ ተከታትዬ አሸነፍኩት። ግማሹ ጆንያ የሆነ ሰው እንዲህ ከነዳ፣ ሙሉው ምን ይሆን ነበር?

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። እጄ ዛለ። ብሎን ሲሆን አንዴ ካጠበቅሽው ያርፋል፤ ፊደል ግን ሁሌም ሌላ ፊደል ያስከትላል። አሁን ጠዋት ነው፣ በረንዳው ላይ ነኝ፣ ጭጋጉ ከትምባሆው ማሳ ላይ ገና አልተነሳም። አንድ ነገር እሠራለሁ፣ ከዚያ ቁጭ እላለሁ። ካንዴላ እፈታለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። አንዳንዴ ኖቫው ውስጥ መሪውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ድመቷ ዳሽቦርዱ ላይ ሆና ታየኛለች።

ሌላም ወሬ አለ። ሰሞኑን የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደዱኝ። አንዷ ባቄላ ባሳማ ሥጋ ታመጣለች፣ አንዷ የበቆሎ ቂጣ፣ አንዷ በምድጃ የበሰለ ዶሮ እስከነሳህኑ። ማቀዝቀዣዬ አልዘጋ ብሏል። በመጀመሪያ ውበቴ ነው ብዬ ነበር። ግን የዶይል ሚስት ነዲን ሳህኑን ስታስቀምጥ ቀና ብላ አላየችኝም። ውበት ቢሆን ሰው ቀና ብሎ ያያል። ሚስ ኢውላም የቤት ሥራዬን ማረም ትተው «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» ብቻ ይሉኝ ጀመር። ለጓቴማላዎቹ ቀይ ቀለም፣ ለኔ ጥሩ ነው። «በቀዩ ያርሙኝ እንጂ፣ እኔ መቼ ሞትኩ» አልኳቸው። አረሙኝ፤ ወረቀቴ የዶሮ ማረጃ መስሎ ተመለሰ፣ ደስ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ግን አላሳየኋቸውም። ስህተቱ ሁሉ የኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ዙሪያውን መዞሩ ደከመኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ከመወዳደሬ በፊት ዶይል ሳይደርስ፣ ያንን ግማሽ ጆንያ ላስገባ ጎንበስ አልኩ። ግማሹን ነው የምልሽ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ማለትም ማንሳትም አቃተኝ። የቡርል ጫማ ከፊቴ ሲቆም አየሁ። ስድቡን እጠብቃለሁ፤ አንዱን መልስ አዘጋጅቼ ይዣለሁ፣ ጥሩ መልስ ነበር። አልሰደበኝም። ጆንያውን በአንድ እጁ አንስቶ አስገባልኝ፣ ጠፍሩን አጠበቀልኝ፣ ክንዴን ይዞ አቆመኝ፤ «ቀኙ ጎማህ ትንሽ አየር ይፈልጋል» ብሎኝ ሄደ። የእናቱን መኪና እንኳ ገፍቶ የማያውቅ ሰው። እህቴ፣ ድካሙን ድካም ነው ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው። ቡርል ስታምፐር ሳይሰድበኝ የሄደ ዕለት።

ከዚያም መስመሩ ላይ ቆምኩ። የመነሻው መብራት ከላይኛው ቢጫ ወደ ታችኛው ቢጫ ወረደ፣ አረንጓዴው በራ። አየሁት። እንዳየሁት አውቃለሁ። እግሬ ግን ዘግይቶ ሰማ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መኪናው ሲነሳ ነውና፣ ኖቫው ሰባት ከሃያን ልክ አድርጎ ገባ፣ እንደ ወርቅ ሚዛን፤ ቡርል ግን ከደረሰ ቆይቶ ነበር። መኪናው ምንም አላጠፋም። ለክብደት ጆንያ ይገኛል፤ ለእግር የሚሆን ጆንያ ዶይልም የለውም።

አባባ በረንዳው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲለቅ ትዝ ይልሻል? መሬት ሳይነካ የያዘው ቅዳሜ ኖቫውን ይነዳል። እኔ ዓይኔን እጁ ላይ ተክዬ ስዘጋጅ፣ አንቺ ሌላ ቦታ እያየሽ፣ አተር እየፈለፈልሽ ትይዢው ነበር። አንድ ቅዳሜም አላሸነፍኩሽም። እኔ መንዳት የጀመርኩት አንቺ አግብተሽ ዊቺታ ስትሄጂ ነው። የዚህን አገር ምርጥ ሾፌር ነኝ እያልኩ ስኖር፣ ምርጡ ሾፌር የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ አግብቶ መሄዱን ለማንም አልተናገርኩም። ማን ጠየቀኝ?

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር በጥቅምት ማብቂያ ነው፣ ትምባሆው ጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ቡናማ ሲሆን። ያ ሜዳ ከተከፈተ ጀምሮ ኖቫው በመጨረሻው ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም፤ በአባባ ዓመት በአባባ እግር፣ ከዚያ ባንቺ፣ ከዚያ በኔ። ዘንድሮ እኔ አልነዳም። ለዶይል ነግሬዋለሁ፣ አሁን ላንቺ ነገርኩ፤ ለቡርል ገና ነው፣ ካወቀ እንዳያዝንልኝ። ዶይል ይንዳው ብትይ፣ ዶይል ሁለት ሃስኬል ነው፤ መኪናው ከመስመሩም አይነሳ። ሌላ ሰው ልንዳው ብሎ ጠይቆኛል። እሺ አላልኩም። የአባባ ቁጥር በሌላ ሰው እጅ መስኮቱ ላይ ሲጻፍ ማየት አልችልም።

አንቺ ነይ።

ጉልበቴ እንደምትይ አውቃለሁ። ዘንድሮ ካምቢዮውን አውቶማቲክ አድርጌዋለሁ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፤ ግራ ጉልበትሽን ዊቺታ ትተሽው መምጣት ትችያለሽ። አያት ሆኛለሁ ትያለሽ፤ ኖቫውም አያት ነው። ረስቻለሁ ትያለሽ፤ የባርኔጣውን ነገር እጅ አይረሳም። የቀረውን እኔ ከፊትሽ ቆሜ በእጄ አሳይሻለሁ፣ ወደ መስመሩ ስትጠጊ ግራ በይ ቀኝ በይ እልሻለሁ፤ ቆሜ ነው የምልሽ፣ እስከዚያ መቆም እችላለሁ። ከዚያ ዘወር እልና አያለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ውስጡ ተቀምጬ፣ ያ መኪና ሲነሳ የፊት እግሩ ከመሬት ሲለቅ ከውጭ አይቼው አላውቅም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አላየሁም። ሰዎች ያምራል ይሉኛል።

ለዚህ ግን ኪሎሽን ጻፊልኝ። እውነተኛውን። የሴት ክብደት በሷና በፈጣሪዋ መካከል ነው ይባላል፤ ኖቫው ሦስተኛ ሆኖ ይግባ። ብትቀንሺ መኪናው ያጋልጥሻል፤ እኔን እንዴት እንዳጋለጠኝ አንብበሻል። ለማንም አላነብም፣ ለዶይልም ቢሆን ዘንጉን ራሱ አይቶ ይወቀው።

እስከዚያው በግምት ሠርተናል። ባለፈው የላክሽውን ፎቶ ዶይልና እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ እንደ ትምባሆ ነዶ በዓይን ተከራከርንብሽ። እሱ አበዛ፣ እኔ ቀነስኩ፤ ወንድም ነኝ። የኔን ጆንያዎች ከወንበሩም ከወንበሩ ሥርም አወረድናቸው። አሸዋውን መንገዱ ላይ፣ ዝናብ የቦረቦረው ጋ ደፋነው። ከዚያ ያንቺን ሞላን። በየጆንያው ላይ ስምሽን በከሰል ጻፍኩ፣ በራሴ እጅ፣ አባባ ባወጣልሽ ሙሉ ስም። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋነው፣ እግርሽ አጭር ነው። ጆንያዎቹን ዶይል ደረደረልኝ፤ ሚዛኖቹን ዞሮ አየ፤ «ቀጥ አለ» አለ። ኖቫው በአራት እግሩ ቆሞ፣ አንቺ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እኔ በሩ ላይ ተደግፌ አየሁሽ። ጥሩ ሾፌር ይመስል ነበር። ግን ጆንያ ነው፤ መብራት ሲበራ አይነሳም።

መስኮቱን አጥቤዋለሁ። ምንም አልጻፍኩበትም። የጫማ ቀለሙ ዳሽቦርዱ ላይ ነው፣ ድመቷ እንዳትጥለው ጥግ አስይዤዋለሁ።

የጠራ ሰማይና ደረቅ አስፋልት ይስጥሽ። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ባልሽን ዝም ያሰኝልሽ፣ የልጅሽን ልጅ ጥርሷን ያብዛላት። መንገዱን ያሳጥርልሽ። ከበረዶው በፊት ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነኝ ያልኩት ደንብ ስለሆነ ነው። መጨረሻ ላይ ደንቡ ምን እንደሚል ሚስ ኢውላ ገና አላስተማሩንም።

ታላቅ ወንድምሽ፣
ከነጆንያው